የአንድ ሰዓት ሐዘን

ባለፈው ክረምት ያቭኔ ከተማ ውስጥ መነጽር ላሠራ ሄጄ አባ ውበቱን አገኘኋቸው። ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ልጃቸው እስክትወጣ ይጠብቃሉ። በሱፍ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ትኩር ብለው አዩኝና «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቂርያት ማላኪ በአንድ ሕንፃ እንደኖርን፣ እሳቸው ምድር ቤት እኛ ሦስተኛ ፎቅ እንደነበርን ነገርኳቸው። አላስታወሱኝም። «ሚስቴን እናኑን ያረዷት እኮ እርስዎ ነዎት» ስላቸው ግን ፊታቸው በራ። «እህ! የዚያች የሳቂታዋ ባል! አዎ፣ አዎ። እሷን በደንብ አድርገን ነው ያረዳናት። በእኔ እጅ የተረዳ ሰው አብዶም ታሞም አያውቅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ የሠራው ግድግዳ እስከ ዛሬ እንዳልፈረሰ እንደሰማ ግንበኛ። ከዚያ ልጃቸው መጣችና ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። እኔ የመነጽር ቤቱን በር አልፌ ሄጄ ሌላ መንገድ ላይ ነው የነቃሁት።

ቂርያት ማላኪ የኖርንበት ያ ዘመን ሰው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ፈንጂ ይኖር ይሆን እያለ የጎረቤቱን ቦርሳ በዓይኑ የሚፈትሽበት ዘመን ነበር። ሕንፃችን ባለ አራት ፎቅ ነው፤ ልስኑ በየቦታው ተልጦ ጣሪያው ላይ የውኃ ማሞቂያ በርሜሎች ተደርድረዋል። ከሥሩ ያለችው ኪዮስክ ፒስታስዮና የሱፍ ፍሬ፣ ሲጋራ በነጠላ፣ ለኢትዮጵያ የሚያስደውል የሃያ ሸቀል ካርድ ትሸጣለች። ካርዱን በሳንቲም ፈቅፍቀህ ቁጥሩን ታወጣለህ፤ ጎንደር ሲነሣልህ ግማሹ «ሃሎ? ሃሎ?» በማለት ያልቃል። ፋላፌል በአምስት ሸቀል ሆድ ይሞላል። የእኛ ሴቶች በሙሉ ረጅም የጂንስ ጉርድና የስፖርት ጫማ ያደርጉ ነበር፤ ወደ አይሁድነት መመለሻውን ትምህርት የሚማር ሰው አለባበሱ ይታያል ስለተባለ። እኔ የሚፍዓሉን ሰማያዊ ሱሪ ከሥራ ውጭም አላወልቀውም ነበር። ቤኤር ቱቪያ ከመንገዱ ማዶ ባለ መጋዘን ካርቶን እደረድራለሁ፤ ሚፍዓል የምንለው ፋብሪካውንም መጋዘኑንም ነው። ዘፈን የምንገዛው ገዴራ ሠርግ ሲኖር በር ላይ ሻንጣውን ከፍቶ ካሴት ከሚሸጥ አንድ ቀጭን ሰው ነበር። የፊቱ ገጽ ዘፈን ጥሩ ከሆነ የጀርባው ሁልጊዜ ድምፁ የተበላሸ ነው። ዛሬ ልጆቼ ካሴት ሳሳያቸው እንደ አሮጌ ቁልፍ አገላብጠው ያዩታል።

ኖአም የተወለደው በዚያ ቤት ነው፤ የመጀመሪያ ልጃችን። እኔ ገና ጢሜ በቅጡ አልሞላም። እናኑ ሳቂታ ነበረች፤ አባ ውበቱ ይህን አልረሱም። ዝም ማለት የእኔ ድርሻ ነበር፣ ማውራት የእሷ። እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ጎንደር ከእናኑ ወንድም ከሙጬ ጋር ወደዚህ የመምጫ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ተራው በየዓመቱ «ዘንድሮ ነው» ይባላል። እናኑ ዓርብ ዓርብ ሻባት የምንለው ሰንበት ሳይገባ ሙጬ ሰፈር ወዳለ ሱቅ ትደውላለች፤ ባለሱቁ ልጅ ይልክና እናቷን ያስጠራላታል። ወሬው ሁሉ ስለ ኖአም ነው። ስንት ግራም ጨመረ፣ ቲፓት ሐላብ በሚባለው የሕፃናት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ምን አለች፣ አንገቱን መቼ ቀና አደረገ።

ኖአም ሁለት ወር ሲሆነው አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ አባ ውበቱ ከሕንፃው ፊት ካለችው አግዳሚ ላይ ጠሩኝ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው አሉ። ቁጭ እንድል ቦታ ለቀቁልኝ። ሦስት ሽማግሌ ለአንድ ልጅ ቦታ ሲለቅ ደግ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ።

«ሙጬ ደውሎልኝ ነበር» አሉ አባ ውበቱ። «እማማ ዘነበች አርፈዋል። ሰኞ ነው የቀበሯቸው።»

እናኑ ከፎቅ መስኮት ላይ የኖአምን ልብስ ታሰጣ ነበር። አየችንና «አባ ውበቱ! ባሌን ሥራ እንዳያስፈቱብኝ!» ብላ ጮኸች። «ሂጅ ወዲያ፣ የወንድ ወሬ ነው!» አሏትና ሳቁ። ሳቁ በደንብ ወጣላቸው፤ የተለማመዱት ነገር ነው።

«ዛሬ ማታ ልንገራት?» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ አብደሃል? አራስ ጡት የምታጠባ ሴት ትረዳለች? ሐዘን የገባበት ወተት ልጅ ይገድላል። ልጁን ልትቀብረው ነው?»

«ነርሷ እንዲህ ያለ ነገር...»

«ነርሷ መርዶ መች አርድታ ታውቃለች?» አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ። «ባልም አያረዳም። ባል ያረዳት ሴት ባሏን ዘላለም አትወደውም።»

አባ ውበቱ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫኑ። «ልጁ ይሂድ። በእግሩ ከሄደ እህል ይበላል፣ ጡቱን ቢተው ምንም አይሆንም። ልጁ የሄደ ዕለት እኛው መጥተን እናረዳታለን። ቤሰደር?»

«ቤሰደር፣ እሺ» አልኩ።

ያን ዕለት ማታ መላው ሕንፃ ያውቅ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከተማው፤ ከዚያ ገዴራና ያቭኔ ያለ ዘመድ ሁሉ። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የእኛ ሰው ምሥጢር አይጠብቅም ይባላል፤ መርዶ ግን ይጠብቃል። አንድ ሺህ ሰው አፍ ውስጥ ሆኖ አንዲት ጆሮ አይደርስም።

ዓርብ ስትደውል ሙጬ «እማ ገጠር ወንድሟ ዘንድ ሄደች» አላት። በሌላው ዓርብ «አሁን ወጣች»። በሌላው «ባለሱቁ ዛሬ የሚልከው ልጅ የለውም»። እናኑ ባለሱቁን ረገመችና ሌላ ብልሃት አመጣች። «በካሴት እልክላታለሁ። ካሴት ገጠርም ይገባል» አለች። ከያቭኔ ገበያ ብርማ ቀለም የተቀባች ትንሽ ቴፕ ገዛን። ለመቅጃ ቀዩንና ጥቁሩን ቁልፍ አብሮ መጫን ነበር፤ ቀዩ የጎበጠ ስለሆነ በአውራ ጣት አጥብቆ መያዝ ይጠይቃል። የሚይዘው እኔ ነኝ። ያን ዓመት ልጄ ያደገው ከአውራ ጣቴ ሥር ነው።

ኖአም ሳቅ ሲጀምር እግሩን ኮረኮረችውና ቀዳን። የመጀመሪያ ጥርሱ ሲወጣ ጥርስ እንዴት በካሴት ይላካል ብላ ስታስብ ዋለች። ከሥራ ስገባ የሻይ ማንኪያ ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ያላ፣ በል ተጫነው!» አለችኝ፤ ማንኪያውን ድዱ ላይ ወዳለችው ነጥብ አስጠግታ መታ መታ አደረገቻት። ጠቅ ጠቅ አለ። «ሰማሽ እማ? ጥርስ ነው። ድንጋይ እንዳይመስልሽ፣ የልጅ ልጅሽ ጥርስ ነው!» እኔ ቀዩን ተጭኜ የኖአምን ጆሮ አያለሁ። የእሷን ፊት ማየት አልችልም ነበር። መዳህ ሲጀምር ቴፑን መሬት ላይ አስቀምጠን ወደሱ እንዲመጣ አደረግን፤ ካሴቱ ላይ የሚሰማው የትንፋሹ ድምፅና መጨረሻ ላይ ማይክራፎኑን ሲልሰው ነው። ካሴቶቹን ወደ ጎንደር ለሚሄድ ሰው እንሰጣለን። ሙጬ ተቀብሎ መልስ ቀድቶ ይልካል። የመጀመሪያው መልስ ላይ እንዲህ አላት፦ «እናኑዬ፣ እማ ሰምታለች። በዕቃ መናገር አፈረች፣ አታውቂያትም? ግን ለጥርሱ እልል ብላለች፣ ስሚ።» ከዚያ የአንዲት ሴት እልልታ መጣ፤ ሦስት ጊዜ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ሰንጠቅ የሚል። እናኑ ካሴቱን መልሳ መልሳ አጫወተችው። ለኖአም ጆሮው ሥር አድርጋ «አያትህ ናት» ትለዋለች። ኖአም ያን ድምፅ ለመደው፤ ሲያለቅስ እሱን ስትከፍትለት ዝም ይላል።

ወደ መፀው መጨረሻ ገዴራ የአክስቷ ልጅ አገባች። እናኑ ያን ዓመት ከልጁ በቀር ለራሷ የገዛችው አንድ ነገር ቢኖር ለዚያ ሠርግ ያደረገችው ቀይ ቀሚስ ነው፤ እጅጌው ረጅም፣ ወገቡ ላይ የወርቅማ ክር ያለበት። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ በእጇ ሒና አስደረገች። እኔ «ቀዩ አይበዛም?» አልኳት። «አንተ ቀብር ነው እንዴ የምትወስደኝ?» አለችኝና ሳቀች። አዳራሹ ውስጥ እስክስታ ስትወርድ ክቡ ሰፋላት። ትከሻዋ ከእሷ ላይ የወጣ ሌላ ፍጥረት ይመስል ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ሴቶች ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም።

«እዩዋት፣ እናቷ አፈር ለብሳ እሷ ቀይ ለብሳ» አለች አንዷ።

«ምን ታርግ፣ አታውቅ።»

«ልብ እኮ ይነግራል። የእኔ እናት የሞተች ለታ ውኃ አልወረደልኝም ነበር።»

ከእነዚህ አንዷ ራሔል ናት፤ ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤታችን። እናኑ እያለከለከች መጥታ አጠገቧ ወደቀች። «ምነው እንደ ሙሽራ ታዩኛላችሁ? እማ ብታየኝ ኖሮ! ግን እንዲህ ዝም ያለችኝ ሞታ መሆን አለበት እኮ!» ብላ ሳቀች። ማንም አልሳቀም። ራሔል የኮካ ብርጭቆዋን አነሣችና «ይኼ አፍሽ ፍሬን የለውም እንዴ» አለቻት። እናኑ ወደ እኔ ዞራ «ምን አልኩ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ጠዋት ጠዋት እሷ ኡልፓን ወደሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ልትማር ስትሄድ፣ እኔ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛውሬ ስለነበር ከሥራ ተመልሼ ኖአምን እይዛለሁ። አንድ ጠዋት ነጩን የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ቆሞ ነበር። እኔ ግድግዳው ሥር ተቀምጫለሁ። ወንበሩን ለቀቀ። ሁለት እጁን እንደ ተሸካሚ ወደ ላይ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ መጣ። ከደረቴ ጋር ሲላተም የሳቀውን ሳቅ ዛሬም አውቀዋለሁ። አቀፍኩት። ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝና አስቀመጥኩት። ተነሣ። አስቀመጥኩት። ደግሞ ተነሣ፤ ጨዋታ መስሎት ነው። በመጨረሻ በትከሻው ተጭኜ ያዝኩት፣ እስኪያለቅስ። ለእናኑ አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውጭ ከወጣን ከክንዴ አላወርደውም ነበር። አባ ውበቱ አግዳሚው ላይ ሆነው «እግሩን አታለምደውም እንዴ? ልጅ እኮ እንደ ጆንያ አይያዝም» ይሉኛል። እናኑ ደግሞ ጭንቅ ያዛት፤ የራሔል ልጅ ከእሱ በኋላ ተወልዳ ሄዳለች። ነርሷን ጠየቀቻት። ከያቭኔ ተረከዙ የጠነከረ ነጭ ጫማ ገዛችለት፤ ጫማው እግሩን ይቀሰቅሰዋል ብላ።

ቀሰቀሰው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ መኝታ ቤት ነበርኩ። ጩኸቷን ሰምቼ ስወጣ ኖአም በነጭ ጫማው የሳሎኑ መካከል ላይ ቆሟል፤ እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ወደ እሷ ሄደ። ደግሞ ወደ እኔ ሄደ፤ ለእኔ ያን ያህል አዲስ አልነበረም። ልይዛት አልደረስኩም። መስኮቱን ከፍታ ወገቧ ድረስ ወደ ውጭ ወጣች። «ኖአም ሄደ! ራሔል! አባ ውበቱ! ኖአም ሄደ!»

የእኛ ሰፈር ልጅ ሲሄድ ከየመስኮቱ እልልታ ይመለሳል። ያን ዕለት አልተመለሰም። ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። ራሔል ከላይ ራሷን አወጣችና መልሳ አስገባች። አባ ውበቱ ከአግዳሚው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ላይ ቀና ብለው እናኑን አዩና «እግዚአብሔር ያሳድገው ልጄ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። እናኑ መስኮቱን ዘጋች። «ምቀኞች» አለች። ከዚያ ቴፑን አመጣች። የጫማውን ድምፅ በጠፍጣፋው ወለል ላይ ቀዳን፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ቀዩን እኔ ተጭኜ።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ደረጃው እስከ ታች በሰው ሞልቷል፤ ገዴራም ያቭኔም የመጣ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። እናኑ ፀጉሯን እያሰረች ወጣችና አየቻቸው። ኖአምን ዞራ አየች፣ ተኝቷል። እኔን አየች፣ ቆሜአለሁ።

«ማን ነው?» አለች።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ አባ ውበቱ። «እማማ ዘነበች አርፈዋል። የማይቀር ነው።»

«መቼ?»

«ቆይቷል ልጄ።»

«መቼ ነው የምላችሁ?»

«ኖአም ሁለት ወር ሲሆነው» አልኳት።

አልጮኸችም። ከደረጃው አንድ አንድ ሰው እየመረጠች ፊት ፊታቸውን አየቻቸው። ገዴራ ሠርግ ላይ የነበሩትን እየለየች እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። «ስጨፍር አይታችሁኛል» አለች። «ራሔል፣ አንቺ ሹሩባዬን ሠርተሽልኛል።» ራሔል ደረቷን መታ መታ እያደረገች «ለአንቺ ብለን ነው እናኑዬ፣ ለልጅሽ ብለን ነው» ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ ለቅሶውን አነሡት። እናኑ ብቻ አላለቀሰችም።

ወንዶቹ ከሕንፃው ፊት ድንኳን ተከሉ፤ የፕላስቲክ ወንበር ደረደሩ። ለሰባት ቀን የሚሆን እህል ታዟል፣ ገዴራ ያሉት ዳቦ ጋግረዋል፣ ሁሉ ነገር ለወራት ሲታሰብበት የቆየ ነው። ያልታሰበው አንድ ነገር ነበር። ረፋዱ ላይ የመመለሻ ትምህርቱን የሚያስተምረን ረቢ መጣ፤ ቀላ ያለ ጢም ያለው፣ ገና ወጣት፣ ድምፁ ለስላሳ። እናኑን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ወደ አባ ውበቱ ዞሮ «እናትየዋ መቼ አረፉ?» አለ። ነገሩት። አስተረጓሚው እኔ ነበርኩ። ረቢው «ከሞቱ ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ የተሰማ መርዶ ሰባት ቀን አይቀመጡበትም» አለ። «አንድ ሰዓት ነው። ልብሷን ትቅደድ፣ አንድ ሰዓት መሬት ትቀመጥ፣ ከዚያ ትነሣለች። ሕጉ ይኼ ነው።»

አባ ውበቱ «ረቢ፣ በእኛ አገር ሰባቱ የሚቆጠረው ከተረዱበት ቀን ነው» አሉ።

«እዚያ እንዲህ ነበር» አለ ረቢው በትሕትና። «እዚህ ግን ሕጉን እየተማራችሁ ነው።»

ያን ጊዜ ወደ አይሁድነት መመለሳችንን የሚያጸድቀው ወረቀት ለእናኑም ለእኔም ገና አልወጣም ነበር፤ ከተሰበሰበው ግማሹም እንደ እኛው ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባ ውበቱ አንገታቸውን ደፉና «ሕግ ሕግ ነው» አሉ። እኔ ነኝ ወደ አማርኛ መልሼ ለሚስቴ የነገርኳት።

«አንድ ሰዓት?» አለችኝ።

«አንድ ሰዓት።»

«ዐሥር ወር ሰረቃችሁኝ። አሁን አንድ ሰዓት ሰጣችሁኝ።»

ራሔል የሸሚዟን ኮሌታ በመቀስ ነካ አደረገችላት፤ ቀሪውን እሷ በእጇ ቀደደችው። መሬት ተቀመጠች። ረቢው የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው የራሱን ሰዓት በስርቆሽ ዓይን ያይ ነበር። ብዙውን ጊዜ ወለሉን አየች። ወደ መጨረሻው ነው እንባዋ የመጣው፤ አንድ ጊዜ ሲመጣ ትከሻዋን ጭምር ይዞ መጣ። «እማ» አለች፤ ያን ቃል ብቻ፣ ደጋግማ። ኖአም ነጭ ጫማውን አድርጎ በለቀስተኞቹ ጉልበት መካከል ይዞራል፤ ሴቶቹ ከእንባቸው ጋር «ወይ ሲያምር ሲሄድ» ይላሉ። ረቢው ቀስ ብሎ «አሁን ትነሣ» አለኝ። አልተረጎምኩትም። ቃሉን በዕብራይስጥ ታውቀዋለች፤ ኡልፓን መጀመሪያ ከተማረቻቸው አንዱ ነው። እያለቀሰች ተነሣች። ከቀትር በፊት ድንኳኑ ተነቀለ፣ ወንበሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተሰካኩ፣ ዳቦው በየፌስታሉ ወደ መጣበት ተመለሰ። ዓርብ ስለነበር ሰው ለሻባት ይቸኩል ነበር።

ማታ ኖአምን አስተኝታ ቴፑን ከፈተች። የእልልታውን ካሴት ነው ያስገባችው። እስከ መጨረሻው ሰማችውና «ይች ማን ናት?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እውነት አታውቅም?»

«እውነት አላውቅም። ሙጬ ከጎረቤት አንዷን ጠርቶ ይሆናል።»

«ልጄን ማንነቷን በማላውቃት ሴት ነው ያስተኛሁት» አለች። ባል አያረዳም ያሉት ሽማግሌዎች አልተሳሳቱም ይሆናል፤ የማያረዳ ባል ምን እንደሚሆን ግን አልነገሩኝም።

ዛሬ መርዶ የሚባል ነገር የለም። ጎንደር ሰው ሳይገነዝ ፎቶው ስልክ ላይ ይመጣል፣ የልጅ ልጆቹ ከሻባት መውጫ ጀምሮ የተሰበረ ልብ ሥዕል ይልካሉ። ወጣቶቹ ይኼን ሲያዩ ጭካኔ ነው ይላሉ። እኔ አልፈርድም። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ወረቀታችን ወጣ፤ ገዴራ ቤት ገዛን፤ ሺራ ተወለደች። እናኑ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ እንግዳ ሲመጣ ትስቃለች። ከእኔ ጋር ክፉ አልተናገረችም። አንድ ቀን ከቤኤር ቱቪያ ስመለስ ከደረጃው ሥር አንዲት ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለህ! ይች ሺራ እንዴት ነው የምትሮጠው?» አለችኝ። ሳቅሁላት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። እናኑ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ሺራ ሄደች እንዴ?»

«ሄዳለች።»

«መቼ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል። «እንዴት አትነግሪኝም?»

ቢላዋውን አላቆመችም። «ድካም ላይ ነህ፣ ሥራ አለብህ» አለች። «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

ሺራ ድምፄን ሰምታ ከሶፋው ወረደች። ወለሉን አቋርጣ መጣችና ሱሪዬን ያዘች። አንድም ጊዜ አልተንገዳገደችም።